የጅማ እጅ ያወቀውን ወረቀትም ይወቀው

በጅማ የፈጠራ ሥራ በሚታይበት ድንኳን የቡና ገለፈት አይጠፋም። አንዱ ወጣት ገለፈቱን በሙጫ ለውሶ ሰሌዳ ያደርገዋል፤ ሌላዋ ከቀለጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጋር ቀላቅላ ንጣፍ ትሠራበታለች። እንግዶች ያደንቃሉ፣ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፣ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። «ሙጫው ስንት እጅ ነው? ሙቀቱ ስንት ዲግሪ ደረሰ? ስንት ሰዓት ተጫነ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለት መልሶች አንዱን ያገኛል፦ «ምስጢር ነው» ወይም «በግምት ነው»። ሁለቱም መልሶች ሥራውን ይገድሉታል። በግምት የተሠራውን ሠሪው ራሱ ሊደግመው ይቸገራል፤ በምስጢር የተያዘውን ደግሞ ማንም አያሻሽለውም፣ ሠሪው ሲያርፍም አብሮት ይቀበራል።

ስለዚህ ነገር ሳስብ ሊዮ ቤክላንድ ይመጣብኛል። ሙጫንና በፎርማ ቅርጽ የሚይዝ ፕላስቲክን በአንድ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ሰነድ ለዓለም የሰጠ ሰው ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1863 በቤልጅየም፣ በጌንት ከተማ ነው። አባቱ ጫማ ሰፊ፣ እናቱ የቤት ሠራተኛ ነበሩ። ኬሚስት ሆኖ አሜሪካ ተሻገረ፤ ቬሎክስ የተባለውን የፎቶግራፍ ወረቀት ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1899 ለጆርጅ ኢስትማን ኩባንያ ሸጠና ሀብታም ሆነ። ገንዘቡን ይዞ አልተቀመጠም። በኒው ዮርክ አቅራቢያ፣ ዮንከርስ ውስጥ፣ በመኖሪያ ግቢው ቤተ ሙከራ አቁሞ ሼላክን የሚተካ ነገር ፍለጋ ገባ። ሼላክ ከእስያ የላክ ነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ሲሆን በዚያ ዘመን ለኤሌክትሪክ ዕቃዎች መከለያ ያገለግል ነበር፤ የኤሌክትሪክ ሥራ ሲስፋፋ ግን ነፍሳቱ ሊያደርሱ አልቻሉም።

ፌኖልና ፎርማልዲሃይድ የተባሉት ኬሚካሎች ሲገናኙ ሙጫ መሳይ ነገር እንደሚወጣ ቀድሞ የታወቀ ነበር። ጀርመናዊው አዶልፍ ፎን ባየር እ.ኤ.አ. በ1872 አይቶታል፤ ከዕቃው ጋር ተጣብቆ አልታጠብ ያለውን ዝቃጭ ግን እንደ እንቅፋት ቆጥሮ ተወው። ከእርሱ በኋላ የሞከሩትም ቢሆኑ ሲያሞቁት እየፈላ አረፋ ይሞላና ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ፣ ለምንም የማይረባ ነገር ይወጣላቸው ነበር።

እንደ ጅማ ላለ የአናጺ ከተማ ልብ የሚነካው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ቤክላንድ ሙከራውን ያደርግ የነበረው እንጨትን ይህን ሙጫ በማጠጣት ለማጠንከር ነበር። በጁን 1907 በማስታወሻ ደብተሩ ላይ የእንጨቶቹ ገጽ እንዳልጠነከረ፣ ከእንጨቱ ሾልኮ የወጣው ጥቂት ሙጫ ግን እጅግ ጠንካራ እንደሆነ ጻፈ። ያን ነገር «ዲ» ብሎ ሰይሞ ብቻውን ወይም ከሌሎች ጠጣር ነገሮች ጋር ተቀላቅሎ ምን ያህል ቅርጽ ሊይዝ እንደሚችል መመርመር እንደሚገባው አሰፈረ። ካልተሳካ ሙከራ ጎን የተገኘች ጠብታ ናት። ደብተር ባይኖረው ኖሮ ጠርጎ ይጥላት ነበር ብዬ አምናለሁ።

የፓተንት ማመልከቻውን ያስገባው ከዚያ አንድ ወር ሳይሞላ፣ ጁላይ 13 ቀን 1907 ነው። ዲሴምበር 7 ቀን 1909 ቁጥር 942,699 ተሰጠው። የጅማ ወጣቶች ይህን ሰነድ ቢያነቡ አንድ ነገር ይይዙበታል፦ ቤክላንድ ፌኖልን አልፈጠረም፣ ፎርማልዲሃይድንም አልፈጠረም፣ ሁለቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገናኘውም እርሱ አልነበረም። የእኔ ነው ያለው ዘዴውን ነው፤ ድብልቁን ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አሙቆ አረፋውን በግፊት አፍኖ ማጠንከርን። በብሪታንያም ጄምስ ስዊንበርን የተባለ መሐንዲስ በዚሁ መንገድ ሲሠራ ቆይቶ ማመልከቻ ሊያስገባ ሲል ቤክላንድ በአንድ ቀን እንደቀደመው ይነገራል።

ከዚህ ዘዴ የወጣው ቤክላይት ከሰው ሠራሽ ነገር ብቻ የተሠራ የመጀመሪያው ፕላስቲክ ነው። ከእንጨት ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ በፎርማ ሲጫን ስልክ፣ ሶኬት፣ የድስት እጀታ ሆነ፤ ሳይጠነክር በፊት ደግሞ ስስ የእንጨት ንጣፎችን አጣብቆ ኮምፔንሳቶ የሚያደርግ ሙጫ ነው። አንድ ጊዜ ከጠነከረ በእሳት አይቀልጥም፣ ውኃ አያላላውም። እስከ ዛሬ ለደጅ የሚሆን ኮምፔንሳቶና የመኪና ፍሬን ሸራ የሚሠሩት በዚሁ ዓይነት ሙጫ ነው።

ይህ ለጅማ የሩቅ ታሪክ እንዳይመስል የዝናባችንን ነገር ላንሣ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። የቀድሞው የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ፣ ሙጫም ምስማርም የማይሻ ስለሆነ እርጥበቱን ችሎት ኖሯል። ዛሬ ዋንዛ እንደ ልብ አይገኝም፤ ቁም ሳጥኑም አልጋውም ቺፑድ ሆኗል። ቺፑድ በአብዛኛው የሚጣበቀው ዩሪያ ፎርማልዲሃይድ በሚባለው ርካሽ ሙጫ ሲሆን ይህ ሙጫ እርጥበት ሲያገኘው ይላላል። ከክረምት በኋላ እግሩ ያበጠ ቁም ሳጥን ያላየ የጅማ ሰው ያለ አይመስለኝም። በሌላ በኩል ደረቅ ጀንፈል ሲፈለፈል ከክብደቱ ግማሽ ገደማው ገለፈት ሆኖ ይቀራል። በገለፈቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን (እንጨትን እንጨት የሚያደርገው አጠንካሪ ነገር) በኬሚካዊ ተፈጥሮው የፌኖል ዘመድ ነው፤ በፌኖል ሙጫ ውስጥ የፌኖሉን ከፊል እንዲተካ ለማድረግ ተመራማሪዎች ሲሠሩበት ቆይተዋል። በኮሎምቢያ ገለፈቱን ከተረፈ ፕላስቲክ ጋር ቀይጠው የቤት ግድግዳ አድርገው እየሸጡ ነው። ችግራችንና መፍትሔው የሚወጣበት ዕቃ በአንድ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። (ፌኖል ቆዳ ያቃጥላል፤ ፎርማልዲሃይድም ካንሰር አምጪ ነው። ይህን በጓሮ ይሞከር የምል አይደለሁም፤ የቤተ ሙከራ ሥራ ነው።)

እና ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ይነበብ። ፓተንት ከመንግሥት ጋር የሚገባ ውል ነው፤ ፈጣሪው በሙያው ያለ ሌላ ሰው ሠርቶ እስኪያሳይ ድረስ ዘዴውን ዘርዝሮ ይጽፋል፣ በምትኩ ለተወሰኑ ዓመታት ብቸኛ መብት ያገኛል። ዘመኑ ሲያልቅ ጽሑፉ የሁሉም ይሆናል። የቤክላንድ መብት እ.ኤ.አ. በ1926 አብቅቶ ተፎካካሪዎች ወዲያው ገቡበት። ፓተንት የሚጸናውም በተመዘገበበት ሀገር ብቻ ስለሆነ በኢትዮጵያ ያልተመዘገበውን እዚህ ሠርቶ እዚህ መሸጥ አይከለከልም። ስለ ሙጫና ስለ ፕላስቲክ የተጻፈ እጅግ ብዙ ዝርዝር በነፃ ተከፍቶ ይጠብቃል። የምረቃ ሥራውን የሚያዘጋጅ ተማሪ ከእነዚህ ሰነዶች አንዱን እንኳ ሳያነብ ሲመረቅ ማየት ያሳዝነኛል።

ከዚያም ይጻፍ። ሕጉ አለን። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፓተንት 15 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ፈጠራው በሀገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከታየ 5 ዓመት ይጨምራል። ከሁሉ በላይ ለእኛ የሚጠቅመው ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ነው፤ 5 ዓመት የሚጸና፣ ለሌላ 5 ዓመት የሚታደስ። ሰጋቱራን በኮላ ለውሶ ስንጥቅ የሚሞላው አናጺ ከድብልቁ አዲስ ነገር ቢያወጣ፣ ማስቲሽ ቶሎ የሚያደርቅበት ብልሃት ያገኘ ጫማ ሰሪ ቢኖር፣ በር ተከፍቶለታል ማለት ነው።

የሚሉኝን አውቃለሁ። ፓተንት የሀብታም ጨዋታ ነው፤ ቢጻፍ ይሰረቃል፤ ቢሰረቅ ለጠበቃ የሚከፍል ማን ነው? ስጋቱ እውነት አለው፤ ድሃ ፈጣሪ ፍርድ ቤት ሄዶ ከትልቅ ነጋዴ ጋር መሟገት ይከብደዋል። ነገር ግን ያልተጻፈውም እየተሰረቀ ነው። ሥራውን በኤግዚቢሽን ያሳየ ወጣት በማግሥቱ ተመሳሳዩ ገበያ ላይ ሲወጣ «የእኔ ነበር» ከማለት በስተቀር በእጁ ምንም የለም። ቀን ያለበት ማመልከቻ ቢያንስ ባንክ ፊት የሚዘረጋ፣ ሽርክና ለመጠየቅ የሚያበቃ ወረቀት ነው።

የማቀርበው ሐሳብ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በኪቶ ፉርዲሳ ግቢ፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ አንድ ጠረጴዛ ይዘጋጅ። የኬሚካል ምህንድስና ተማሪዎች የምረቃ ሥራቸውን ከጅማው መርካቶ አናጺዎችና ከጫማ ሰሪዎች ጋር ይሥሩ፤ እጅ የሚያውቀውን በሚዛንና በቴርሞሜትር ለክተው ሌላ ሰው ሊደግመው በሚችል መልኩ ይጻፉት። የሕግ ተማሪዎች ማመልከቻውን ያርቅቁ። ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ይግባ፤ አዲስነት የፓተንት መሠረት ስለሆነ ቀድሞ ያሳየ ሰው መብቱን ሊያጣ ይችላል። አናጺው ግን በዚህ ጠረጴዛ የሚያምነው ሥራው በሌላ ሰው ስም እንደማይወጣ ሲያውቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪው ሚዛኑን ከማንሣቱ በፊት የፈጣሪነቱ ስም የአናጺው እንደሆነ፣ ከሚገኘው ገቢም ድርሻው ስንት እንደሆነ በሁለቱም ፊርማ የጸና ውል ይጻፍ፤ አንዱ ቅጂም በአናጺው እጅ ይቀመጥ።