ይድረስ ለ142857፤ ባሉበት

ክቡር ባለ6 አሃዝ የማረጋገጫ ቁጥር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እርስዎን ስጠብቅ ከቀለጥኩት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ቁጭ ብያለሁ። አንድ ማኪያቶ፣ አንድ ቦንቦሊኖ። አስተናጋጇ መጥታ "ሂሳብ?" አለችኝ። በስልክ ልከፍል አፑን ከፈትኩ። "የተላከልዎትን ቁጥር በ60 ሰከንድ ውስጥ ያስገቡ" አለኝ። እርስዎ ግን የሉም። አስተናጋጇ ትሪዋን ታቅፋ አጠገቤ ቆማለች። እኔ ስልኬን እንደ ጧፍ ከፍ አድርጌ ኔትወርክ እለምናለሁ። ሰከንዱ አለቀ።

በ4ኛው ደቂቃ ከች አሉ። ደግሞ "ለማንም እንዳይሰጡ" የሚል ምክር አስከትለው! ማን ይቀበለኛል?

ድጋሚ እንዲላክልኝ ስነካው "ከ10 ደቂቃ በኋላ ይሞክሩ" አለ። በቃ፣ ሂሳብ ከተባልኩ አይቀር ሂሳብ ልሥራ ብዬ እስክሪብቶ ተዋስኩ። ሶፍት ላይ በ2 አባዛሁዎት። 285714። ያው አሃዞች፣ ያው ሰልፍ፤ የተቀየረው ማን ከፊት እንደሚቆም ብቻ። በ3፣ 428571። በ4፣ 571428። በ5፣ 714285። በ6፣ 857142። ልክ እንደ አደባባዩ፣ በየት ቢገቡ ያንኑ ሐውልት መዞር ነው። በ7 ሳባዛዎት ግን ሶፍቱ ተቀደደብኝ፦ 999999።

ጉድዎ የወጣው እዚህ ላይ ነው። 1 ለ7 ሲካፈል ከነጥቡ በኋላ የሚመጡት እርስዎ ነዎት፤ 0.142857142857 እያሉ ማለቂያ የለዎትም። ለዘላለም የሚዞር ቁጥር፣ ለእኔ ሲሆን 60 ሰከንድ!

በራስዎ ሳባዛዎት 20408122449 ወጣ። ተገላገልኩ ብዬ ለሁለት ቆረጥኩት። 20408ን ከ122449 ጋር ብደምር፣ ተመልሰው 142857። ተቆርጦም የማይለቅ እንግዳ አይቼ አላውቅም።

በዚያ ላይ 3፣ 6 እና 9 ውስጥዎ የሉም። አራት ኪሎ አለ፣ አምስት ኪሎ አለ፣ ስድስት ኪሎ የለም። ግን ለ3ም ለ9ም ያለ ቀሪ ይካፈላሉ። ዘመድ መካድ ይሏል ይሄ ነው! ለ27 ስንካፈልዎ ደግሞ 5291 ይደርሳል። 27 ማለት በመስኮቱ የሚታየኝ አደባባይ ነው፣ ሚያዝያ 27። የሰፈር ልጅ ሆነው ነው እንዲህ ያዋረዱኝ።

ከ000000 እስከ 999999 አንድ ሚሊዮን ቁጥር አለ። ከዚያ ሁሉ እርስዎ ደረሱኝ። (ዕድሌን ለሎተሪ ባቆየው ምን ነበረበት?)

ማኪያቶው ቀዝቅዞ ቆዳ አወጣ። በጥሬ ብር ከፍዬ ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ፣ ስታዲየም ልንደርስ ስንል ስልኬ ጮኸ። እርስዎ ነዎት። ያው መልእክት፣ ያው 142857፣ ድጋሚ። አፍጥጬ እያየሁዎት ወያላው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

"ሂሳብ!"