ጠያቂዎቻችንን ዕድሜ ይስጣቸው

እሁድ ማታ የተላለፈውን ቃለ መጠይቅ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ያላያችሁትም ታውቁታላችሁ፤ ከባለፈው ሳምንቱ አይለይም። ሁለት ወንበር፣ መሃል ላይ የመስታወት ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ። ከጀርባ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ፎቶ ተሰቅሏል፤ እንግዳው ስለ ማዳበሪያም ያውራ ስለ ዶላር፣ ቤተ ጊዮርጊስ ከቦታው አይነሳም። ጋዜጠኛው ጉሮሮውን ጠረገ። እኛም እዚህ ደሴ ትራስ አመቻችተን ቁጭ አልን።

የቴሌቪዥን ጠያቂዎቻችንን ሰው ሁሉ ያማቸዋል። እኔ ግን ዛሬ ላመሰግናቸው ነው የተነሳሁት። መጠየቅን የሚያህል ከባድ ሥራ መልስ እንዳያስፈልገው አድርገው ያቀለሉልን እነሱ ናቸው። ድሮ እኮ እንዲህ አልነበረም። አያቶቻችን ዛፍ ሥር ሲሟገቱ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ባላጋራቸውን በጥያቄ ያፋጥጡት ነበር። ተጠያቂው ላብ በላብ ይሆናል። ዳኛው ያዳምጣል፣ በዙሪያው የቆመው ሰው ደግሞ እያንዳንዷን ቃል ይይዛል። እንዴት ያለ ጭንቀት ነው! የዛሬው ስቱዲዮ ምስጋና ይግባውና ማንንም አያልበውም።

ዘዴው ቀላል ነው። ጠያቂው መልሱን ራሱ ተናግሮ ሲጨርስ፣ ጫፉ ላይ «እንዴት ያዩታል?» የምትል ቁራጭ ይሰፋበታል። «ክቡርነትዎ፣ በከተማችን እየተሠሩ ያሉ ሥራዎች የኅብረተሰቡን የዘመናት ጥያቄ የመለሱ፣ እጅግ አበረታች መሆናቸው ይታወቃል። ይህን እንዴት ያዩታል?» ሰውዬው እንዴት ይየው? እንደሚታወቀው አድርጎ ነው የሚያየው። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» ይላል። ለወሎ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም። ቡና ላይ አንዱ ዱዓ ያደርጋል፣ የተቀመጠው አሚን ይላል። ልዩነቱ፣ እኛ ቤት ዱዓው የሚደረገው ለፈጣሪ ነው።

አንዳንዶች «ለምን ተከታይ ጥያቄ አይጠይቁም?» ብለው ይወቅሳሉ። ምቀኝነት ነው። ተከታይ ጥያቄ ለመጠየቅ እኮ መልሱን ማዳመጥ ያስፈልጋል። መልሱ እየተሰጠ ሳለ ጋዜጠኛው ወረቀቱን እያነበበ ነው። እንግዳው «ለጠፋው ገንዘብ ተጠያቂው እኔ ነኝ» ቢለው እንኳ «እሺ፣ ወደ ቱሪዝም ዘርፍ ስንመጣ…» ብሎ ያልፈዋል። ይህ ሥነ ሥርዓት ነው። ሰውን በአፉ አለመያዝ ጨዋነት ነው።

ከሁሉም ግን የባህል ፕሮግራሙን ጠያቂ የሚስተካከል የለም። እሁድ የጋበዛቸው እንግዳ ከአምባሰል የመጡ አንድ አዛውንት ማሲንቆ መቺ ናቸው። ነጭ ጋቢ ለብሰው ማሲንቋቸውን ጉልበታቸው ላይ ጋደም አድርገዋል። ርዕሱ የወሎ ቅኝት ነው። ጥያቄው የተጀመረው እኛ ቤት ቡናው ሲታጠብ ነው።

«ወሎ ሲነሳ ታሪክ ይነሳል» አለ። ታሪኩም ተነሳ። መጀመሪያ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄደ። አባ ኢየሱስ ሞዓን አነሳ፣ 13ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን ጠቀሰ፣ ከደሴቱ ለመውጣትም ጊዜ ወሰደበት። ቡናው መቆላት ጀመረ። ከዚያ ቦሩ ሜዳ ደርሶ 1870 ዓ.ም. ላይ አፄ ዮሐንስ የጠሩት ጉባኤ መሃል ተቀመጠ። ቡናው ጠቆረ፣ ጭሱ ቤቱን ዞረ። ቀጥሎ ውጫሌ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውሉ ተፈረመ፣ አንቀጽ 17ም ተተነተነ። ሙቀጫው ይወቀጣል። አዛውንቱ አንድ ጊዜ አፋቸውን ከፈት አድርገው ነበር፤ ጋዜጠኛው «ወደ ጥያቄዬ ስመለስ» ሲል መልሰው ከደኑት።

ወደ ጥያቄው አልተመለሰም። ሰገሌ ገባ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ፣ እኛ ቤትም አቦል ወረደ። ሰገሌ ያለው ሸዋ ውስጥ ነው፤ ግን ጥሩ ጥያቄ ድንበር አያውቅም። ባለቤቴ ሲኒ እያቀበለችኝ «እኒያ ሰውዬ ይተነፍሳሉ?» አለችኝ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ይተነፍሳሉ። ማሲንቋቸውን ግን ከጉልበታቸው አንስተው ወንበሩ ጥግ አስደግፈውታል።

ቶና ላይ ቅኝት ተጀመረ። ጋዜጠኛው አራቱን ቅኝቶች በጣቱ እየቆጠረ ዘረዘረ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስም መሆናቸውንም አብራራ። ልብ በሉ፣ የሚያብራራው ለአምባሰል ሰው ነው። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አምባሰል የት እንዳለ ገና ዛሬ እንደ ተነገራቸው ሆነው። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው አይቼ አላውቅም። በዚህ ቢበቃው ጥሩ ነበር። «ለምሳሌ አምባሰል እንዲህ ነው» ብሎ ጋዜጠኛው ራሱ ማዜም ጀመረ።

ያዜመው ትዝታ ነው።

አዛውንቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጥርሱን ያመመው ሰው ነው እንዲያ የሚጨፍነው። እጃቸው ወደ ማሲንቆው ተንቀሳቀሰና መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ጋዜጠኛው በዜማው ተመስጦ ወደ ሁለተኛው ስንኝ ተሻገረ። ሲጨርስ በራሱ ተገርሞ ፈገግ አለ። «እናም ጥያቄዬ» አለ። በረካ እየተቀዳ ነው። ሁላችንም ሲኒያችንን እንደያዝን ቀረን። «ጥያቄዬ ሁለት ክፍል አለው።»

መብራት ጠፋ።

ተመልሶ ሲመጣ አዛውንቱ «ትክክል ነው» እያሉ ነው። ጋዜጠኛው ስለ ጥልቅ ትንታኔያቸው አመሰገናቸው። «ጊዜው ስለተጫነን ማሲንቆውን ለመስማት አልታደልንም» አለ። የጣቢያው ማሳረጊያ ሙዚቃ ገባ፤ በኪቦርድ የተሠራ። ጥያቄው ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅንም። ባለቤቴ «ልጆች አለዎት ወይ ሊላቸው ይሆናል» ትላለች።

የፖለቲካ ተንታኙን በአጭሩ ላመስግን፤ እሱ ራሱ በአጭሩ ባያውቅም። ሰኞ ስለ ዓባይ፣ ማክሰኞ ስለ ውጭ ምንዛሪ፣ ረቡዕ ስለ መካከለኛው ምሥራቅ ይተነትናል፤ ሐሙስ ሌላ ጣቢያ ላይ በሌላ ከረባት ታገኙታላችሁ። «ጉዳዩን ከሁለት አቅጣጫ ማየት ይቻላል» ብሎ ይጀምርና ከአንዱ አይቶ ይጨርሳል። በስልክ ሲገባ ደግሞ የበለጠ ይመቸኛል። «ይሰሙኛል?» «ይሰማል፣ ይቀጥሉ።» «ሃሎ?» «እየሰማንዎት ነው።» ከሚናገረው ሁሉ ግልጽ ሆኖ የሚሰማኝ ይህ ክፍል ነው።

የዝነኞቹን ጠያቂም መዝለል ግፍ ይሆናል። እንግዳዋ ስታለቅስ ሶፍት የሚያቀብለው እሱ ነው፤ እንድታለቅስ ሦስት ጊዜ ስለ እናቷ ሞት የጠየቃትም እሱ ነው። አለቀሰች፣ ካሜራው ቀረበ፣ ማስታወቂያ ገባ።

አሁን ወደ መንገድ ልውጣ። ባለፈው አንድ ቡድን የባህል ዝግጅት ሊቀርጽ ባቲ የሰኞ ገበያ ወርዶ ነበር። ማሽላ ዘርግተው የተቀመጡ አንዲት እናት ፊት ማይክ ደቀነባቸው። «እማማ፣ ወሎ ላንቺ ምንድን ነው?»

«አገሬ ነዋ።»

«ፍቅር ነው አይደል? መቻቻል ነው አይደል?»

«እንግዲህ እሱም አለ» አሉ እናታችን። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ፤ እጃቸውን ወደ አንድ ወገን እየጠቆሙ ረዘም ያለ ነገር መናገር ጀመሩ። ምን እንዳሉ አልሰማንም። ዘፈን ተደረበበት። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ክራሩ ይመታል። ከከንፈራቸው «ውኃ» የምትለዋን ያነበብኩ መሰለኝ። ካሜራው ወደ ግመሎቹ ዞረ። ግመሎቹ ያማሩ ናቸው፣ አልክድም።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው።

ካሜራ ሳይጠይቅ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ወሎ በሥጋው ያውቀዋል። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። በ1965 እና በ1966 ወሎ በረሃብ ሲያልቅ ጣቢያው ነበረ፣ ካሜራው ነበረ፣ ማይክ የሚይዝ ሰው ነበረ። ያንን ረሃብ ለዓለም ያሳየው ግን ከእንግሊዝ የመጣው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ነው። የእኛው ቴሌቪዥን ፊልሙን ለሕዝብ ያሳየው መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ነበር፤ ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው። የሞተው ከሞተ በኋላ፣ ያውም ለሥልጣን ሽሚያው ስላስፈለገ። አሥር ዓመት አለፈ። መስከረም 1977 ላይ ጣቢያው የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓል ሰልፍ ሲያሳየን ሰነበተ። በጥቅምት ኮረም ላይ የተዘረጋውን ሕዝብ ለዓለም ያሳየው አሁንም የውጭ ካሜራ ነው። ስንት ሰው ነው አንድ ቀጥ ያለ ጥያቄ በጊዜው ባለመጠየቁ አፈር የገባው? ያኔ ሳንሱር ነበር እንበል። ባቲ ላይ እኒያን እናት በዘፈን ያፈናቸው ማን አስገድዶት ነው? ለባለሥልጣኑ «ክቡርነትዎ»፣ በእድሜ እናቱ ለሆኑት «አንቺ»! ማን አሳደገው? ውኃ አጣሁ ያለን ሰው ለማጀቢያ ሙዚቃ ማስታወቂያ ማድረግ ነውር ነው። ነውር ነው!

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ።

በዚህ ሁሉ ውለታ ላይ ጠያቂዎቻችን የሚጠይቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንጋበዝ እንዳናሳፍራቸው። ለማንኛውም አንድ ቀን ደውለውላችሁ ስቱዲዮ ከገባችሁ እንድትዘጋጁ ጥቂት ልንገራችሁ።

ፊታችሁ ላይ ዱቄት ቢጤ ሲነሰንሱ ዝም በሉ። ማይኩን ልብሳችሁ ላይ የሚሰካው ልጅ እጁ ይቀዘቅዛል፣ አትደንግጡ። ጥያቄው ሲጀመር ጠያቂውን እዩ፤ ሰዓት አትዩ፣ ነውር ነው። ድምፁ ከፍ ሲል ራሳችሁን ነቅንቁ። ዝቅ ሲል «ልክ ነው» በሉ። ዝም ያለ እንደሆነ ግን አትቸኩሉ፤ ትንፋሽ እየሳበ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ዓይኑን ካርገበገበ በእውነትም ጨርሷል ማለት ነው። ያን ጊዜ «እንደተባለው» ብላችሁ ጀምሩ። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ተናገሩ፤ ወረቀቱን እያነበበ ስለሆነ አይሰማችሁም። መልእክት አለዎት ወይ ስትባሉ «ከጎኔ ለነበሩ ሁሉ» ብላችሁ አመስግኑ። ከጎናችሁ ማንም ባይኖርም ይባላል።

ፊት ለፊታችሁ የታሸገ ውኃ ተቀምጦ ታገኛላችሁ። የንግድ ስሙ ያለበት ወረቀት ተልጧል፤ ያልከፈለ ድርጅት በነፃ እንዳይታይ ነው። ይጠማችሁ ይሆናል። ሰፈራችሁ ውኃ ከጠፋ ሰንብቶም ይሆናል። ቢሆንም እንዳትከፍቱት። የሚቀጥለው ሳምንት እንግዳም ፊቱ ውኃ ያስፈልገዋል።