ገሃነም ለማን ይሰበካል?

ላሊበላን የተሳለመ ሰው ያንን የጨለማ መተላለፊያ አይረሳውም። በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና በቤተ መርቆሬዎስ መካከል ከዓለት የተፈለፈለው ዋሻ የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል፤ መሪው መብራት እንዳይበራ ያስጠነቅቅና ተሳላሚው ግድግዳውን በእጁ እየዳበሰ፣ ከፊቱ የሚሄደውን ሰው ኮቴ እየሰማ፣ ራሱን እንዳይመታ አጎንብሶ ያልፋል። ልጅ ሆኜ ስገባበት ፈርቼ ነበር፤ ካደግሁ በኋላ ስመለስበት ግን የገረመኝ የትምህርቱ አሰጣጥ ነው። እዚያ ሁሉም ገቢ ነው። ካህኑም፣ ነጋዴውም፣ አስጎብኚውም አጎንብሶ ይገባል፤ ዳር ቆሞ ሌላውን «አንተ ግባ» የሚል የለም።

በከተሞቻችን በድምፅ ማጉያና በስልክ የምንሰማው ስብከት ከዚህ አሰጣጥ እየራቀ ነው። ሰባኪው ገሃነምን ሲያነሣ ጣቱ ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ይዞራል፤ የሚቃጠሉት ወደ ጉባኤው ያልመጡት፣ በሌላ እምነት ያሉት፣ ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት ናቸው፤ ሰሚው ደግሞ እልል ይላል። ትንሣኤ ሙታን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር አንዱ ስለሆነ፣ ስለ ፍርድና ስለ ቅጣት ዝም ይባል የሚል አሳብ የለኝም፤ ይህን የሚዘልል መምህር ወንጌሉን አጉድሎ ያስተምራል። ጥያቄዬ ትምህርቱ ለማን ተሰጠ የሚል ነው። እኔ እስከሚገባኝ ድረስ ለሰሚው፣ ስለ ሰሚው የተሰጠ ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ሰባክያን ሳይቀሩ ያደባልቋቸዋልና። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ገነትና ሲኦል ነፍሳት ከሥጋ ከተለዩ በኋላ እስከ ዕለተ ትንሣኤ የሚቆዩባቸው ሥፍራዎች ሲሆኑ፣ መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት ግን ከመጨረሻው ፍርድ በኋላ የሚወረሱ ናቸው። ገሃነም የሚለው ስም ራሱ ከኢየሩሳሌም በስተ ደቡብ ካለው የሄኖም ሸለቆ የመጣ ነው፤ ነቢዩ ኤርምያስ ወላጆች ልጆቻቸውን በእሳት ስለሚሠዉበት አጥብቆ የወቀሰው ሥፍራ ነው። ልዩነቱ የመምህራን ጨዋታ እንዳይመስለን። ለሞተ ሰው ፍትሐት የምናደርሰው፣ በ40ኛው ቀን ተዝካር የምናወጣው፣ «ነፍስ ይማር» የምንለው የመጨረሻው ፍርድ ገና ስላልተሰጠ ነው። እንግዲህ አንድ ሰባኪ እገሌ ዛሬ በገሃነም ይነዳል ብሎ ሲያውጅ፣ የገዛ ቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት እያፈረሰ መሆኑን ማን ይንገረው? በርግጥ የወንጌላውያን አማኞች ለሙታን መጸለይን አይቀበሉም፤ አድቬንቲስቶችም ሙታን እስከ ትንሣኤ እንደሚያንቀላፉ፣ ኃጥአንም በመጨረሻ ፈጽመው እንደሚጠፉ ያስተምራሉ። ክርክራቸው ብዙ ነው፤ ፈራጁ ክርስቶስ መሆኑን ግን ከመካከላቸው የሚክድ የለም።

በወሎ ይህ ነገር የአደባባይ ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ቤት ይገባል። ክርስቲያንና ሙስሊም ዘመዳሞች በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፣ ገነትና ጀነት፣ ገሃነምና ጀሀነም በአንድ ሳሎን ይነገራሉ። የእናቴ እናት ሙስሊም ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አንድ አስተማሪያችን ያልተጠመቀ ሰው ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ፣ እዚያም ምን እንደሚደረግበት በዝርዝር ነገረን። እኔም በዚያው ሌሊት እናቴ ከንግሥ ያመጣችውን የጸበል ጠርሙስ ከቁም ሣጥን አውጥቼ፣ አያቴ በተኙበት ሦስት ጊዜ ራሳቸው ላይ አፈሰስሁ። አያቴ ብድግ ብለው «ጣሪያው አፈሰሰ እንዴ?» አሉ። ነገሩ በማግሥቱ ለንስሐ አባታችን ደረሰ። እሳቸውም እንባቸው እስኪመጣ ከሳቁ በኋላ፣ «የአያትህን ነገር ለፈጠራቸው ተውለት፤ አንተ ግን ባልቴት በብርድ ሌሊት ማራስህን ይቅርታ ጠይቅ» አሉኝ። ልብ ይባል፤ ጥምቀት አያስፈልግም አላሉኝም። ሰው ከውኃና ከመንፈስ ካልተወለደ የሚለውን የጌታ ቃል ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ፍርዱ የእሳቸው ስላልሆነ አልፈረዱም፤ የእኔን ጥፋት ግን ሳይሸፋፍኑ ነገሩኝ። ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው የሚለውን አባባል አልቀበልም፤ የእኝህን አባት አካሄድ ግን እስከ ዛሬ አልተውሁትም።

ከዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ ደብረ ዘይት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የጌታን ዳግም ምጽአት የምታስብበት ቀን። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በቀኝና በግራ የቆሙት ሁለቱም ወገኖች ፍርዱን ሲሰሙ ይደነቃሉ፤ መቼ ተርበህ አየንህ፣ መቼስ ታስረህ ብለው ይጠይቃሉ። ወገኑን አስቀድሞ ያወቀ አንድም ሰው የለም። ይህ ምዕራፍ በወሎ ሲነበብ የሚሰማው ከሌላው አገር በተለየ መንገድ ነው። በ1966 እና በ1977 ረሃቡን ያየ ሽማግሌ «ተርቤ ነበር» የሚለው ቃል ሲነበብ የሚያስበው ሰው አለው፤ የጎረቤት ስም፣ ያልተመለሰ ወንድም፣ ወይም እፍኝ ቆሎ የሰጠው መንገደኛ። በ2013 መጨረሻ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖች በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው በነበሩበት ጊዜም «እንግዳ ሆኜ» የሚለው ቃል ማብራሪያ አላስፈለገውም። በዚያ ሰሞን እንጀራ ይዞ የሄደ ሰው የማን ልጅ እንደሆነ፣ በየትኛው በኩል እንደሚጸልይ የጠየቀ ተራቢ አላየሁም።

የአባቶች ትረካም ከዚህ የራቀ አይደለም። የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚነገረው በላዔ ሰብእ 78 ሰው የበላ ነው፤ በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም የሰጠው ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ ኃጢአቱን አነሣለት። ይህን ታሪክ ለኃጢአት ፈቃድ አድርጎ የሚያወራ ሰው አለ፤ ታሪኩን የሚነቅፉትም ይህንኑ ያነሣሉ፤ ስጋታቸውን እረዳለሁ። ይሁን እንጂ የሰሚውን ዓይን በጎረቤት ኃጢአት ላይ ሳይሆን በራሱ እጅ ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል። ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ደግሞ በገድሏ እንደተጻፈው ዲያብሎስን ከፈጣሪው ለማስታረቅ ለመነች፤ እሱ ሲኦል ሊያስቀራት ሲል ቅዱስ ሚካኤል አወጣት፣ ብዙ ነፍሳትም ይዛ ወጣች። ለዲያብሎስ ሳይቀር ምሕረት የለመነችን እናት የሚያከብር ምእመን፣ ጎረቤቱ ይቃጠላል ሲባል እልልታው ከየት መጣ?

በቅርቡ ደግሞ ሞቼ ተነሣሁ፣ ገሃነምን አይቼ መጣሁ የሚሉ ምስክርነቶች በስልካችን ተበራክተዋል። እዚያ ያዩትን ሰው በስም የሚጠሩም አሉ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ግን የእኛ አባቶች ነዌ የሚሉት ባለጠጋ በሥቃይ ሆኖ አልዓዛር ወደ ወንድሞቹ እንዲላክ ሲማጠን፣ አብርሃም ሙሴና ነቢያት አሏቸው፣ እነርሱን ካልሰሙ ከሙታን አንድ እንኳ ቢነሣ አያምኑም ብሎ መለሰለት። ወንጌሉ የከለከለውን መልእክተኛ እኛ በየቀኑ እንከፍተዋለን። ባለጠጋው የተከሰሰበት ነገርም ደጁ ላይ ወድቆ የነበረ ቁስለኛ ነው፤ ቪዲዮዎቹ ውስጥ ስለ ደጅ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

ስለ ልጆች የማነሣው በተለይ ይከብደኛል። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቃን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ሲሣሉ፣ ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሕፃን ይህን ቶሎ ይለያል፤ ያልነገሩትንም ይጨምርበታል። ከሰንበት ትምህርት የተመለሰን ልጅ ስለ ገሃነም ብትጠይቁት ስለ እሳቱ፣ ስለ ትሉ፣ ስለ ጥርስ ማፋጨቱ ይተርክላችኋል፤ ስለ መንግሥተ ሰማያት ብትጠይቁት ግን ዝም ይላል። ከየስብከቱ በኋላ ምእመኑ ለመምህሩ «መንግሥተ ሰማያትን ያውርስልን» ብሎ ይመርቃል፤ ስለዚያች መንግሥት ግን ከመምህሩ የሰማው አንድ አረፍተ ነገር ላይሞላ ይችላል።

የሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ለሚመጣው ደብረ ዘይት አንድ ነገር ቢሞክሩ እመኛለሁ። የማቴዎስን ምዕራፍ 25 ካነበቡ በኋላ ልጆቹን ይዘው፣ ከየቤታቸው ጥቂት ዳቦና ሳሙና አስይዘው፣ ወደ ታመሙትና ወደ ታሰሩት ይውሰዷቸው፤ የሚጠይቁትን ሰው ሃይማኖት አስቀድመው አይጠይቁ። ደሴ ላይ ሆስፒታሉም ማረሚያ ቤቱም ሩቅ አይደሉም።