የአቤሜሌክ በለስና የወታደሩ ደመወዝ

ተረፈ ባሮክን ያነበበ ወይም ሲተረክ የሰማ ሁሉ ኢትዮጵያዊውን አቤሜሌክን ያውቀዋል። ነቢዩ ኤርምያስ በለስ ለቅመህ አምጣ ብሎ ላከው፤ ከዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ሲል እንቅልፍ ወሰደው፤ ሲነቃ 66 ዓመት አልፏል። በለሱ ገና ወተቱ ይንጠባጠባል። ኢየሩሳሌም ግን ጠፋችበት፤ መንገድ የተሳሳተ መሰለው፤ የሚያውቀው ሰው አጣ።

ይህን እየሰማ ያደገ የጣና ዳር ሰው፣ የአሜሪካዊውን ደራሲ የጆ ሃልደማንን ሥራ ለመረዳት ፊዚክስ መማር የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ሃልደማን ራሱ ግን ፊዚክስ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1967 በፊዚክስና በሥነ ፈለክ ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት ለግዳጅ ውትድርና ተጠራ። ቬትናም ውስጥ በመሐንዲስ ክፍል ሲያገለግል ክፉኛ ቆስሎ ተመለሰ። በ1972 ያሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ቬትናምን በስሟ ጠርቶ፣ ያየውን እንዳየው የጻፈበት ነው። ቀጥሎ ግን ያንኑ ጦርነት ወስዶ ከዋክብት መካከል አስቀመጠው። «ዘ ፎርኤቨር ዋር»፣ በእኛ አፍ «የዘላለሙ ጦርነት»፣ በ18 አሳታሚዎች ዘንድ ተቀባይነት አጥቶ በ1974 ታተመ፤ ከዚያም የዘርፉን ሁለት ታላላቅ ሽልማቶች፣ ሁጎንና ኔቡላን ወሰደ።

ታሪኩ የአንድ ፊዚክስ ተማሪ ነው። ዊሊያም ማንደላ ይባላል (ከደቡብ አፍሪካው መሪ ጋር ዝምድና የለውም)። ያለ ፈቃዱ ተመልምሎ፣ ማንነቱን ከማያውቀው ጠላት ጋር ሊዋጋ በመርከብ ወደ ሩቅ ከዋክብት ይላካል። መርከቢቱ ወደ ብርሃን ፍጥነት ስትጠጋ ለተሳፋሪው ጊዜ ይዘገያል። ይህ የአንስታይን ሕግ እንጂ የደራሲው ፈጠራ አይደለም። ማንደላ ሁለት ዓመት ዘምቶ ሲመለስ ምድር ላይ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል። አገሩ ውስጥ ሥራ የለም፤ እናቱ አርጅታ ሕክምና ተነፍጋለች። መኖር ሲያቅተው ወደዚያው ወደሚጠላው ጦር ይመለሳል። በመጨረሻ ጦርነቱ ከ1,000 ዓመታት በላይ የዘለቀው ሁለቱ ወገኖች መነጋገር ስላልቻሉ ብቻ እንደነበር ይነገረዋል።

አቤሜሌክ የተኛው የከተማዋን ጥፋት እንዳያይ ነው፤ እንቅልፉ ቸርነት ነበር። የሃልደማን ወታደር ግን ዘመኑ ያመለጠው ነቅቶ፣ እየገደለ ነው። በእጁም ትኩስ በለስ የለም።

ከእርሱ በፊት ሮበርት ሃይንላይን በ1959 ባሳተመው «ስታርሺፕ ትሩፐርስ» ወታደሩን የዜግነት አርአያ አድርጎት ነበር። ሃልደማን ኃይል የሚሰጠውን የብረት ልብስ ከዚያ ዓይነት ታሪክ ተቀብሎ ኩራቱን አውልቆ ጣለው። በኋላም ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ድርሰት አስተማረ። በ1997 ያወጣው «ፎርኤቨር ፒስ» ወታደሮች ከሩቅ ሆነው በአእምሯቸው የሚያንቀሳቅሷቸውን የጦር ማሽኖች ይዞ መጣ፤ የዛሬውን የድሮን ዘመን ላየ ሰው ያስደነግጣል። የ1999ኙን «ፎርኤቨር ፍሪ» ግን አልወደድኩትም። ቋጠሮው ሲጠብቅበት ከሰማይ ፈቺ የጠራ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ የማነሳው እኛ ዘንድ የጦርነት ጽሑፍ ሁለት ዜማ ብቻ ስላለው ነው፤ ወይ ቀረርቶ ነው፣ ወይ ሙሾ። ሌላ ነገር የሞከረ ደራሲ ገና የመጀመሪያውን ገጽ ሳይገልጥ «የማን ወገን ነህ?» ይባላል። የሰሜኑን ጦርነት ያቆመው ስምምነት ጥቅምት 2015 ከተፈረመ በኋላም ጥያቄው አልቀረም፤ ብሷል። ታሪኩን ስም ወደሌለው ኮከብ ብንወስደው ግን አንባቢው የሚወግንለት ሰፈር ያጣል፤ የሚቀረው ሰውየው ብቻ ነው። የሳይንስ ልብ ወለድን የልጆች ተረት የሚሉ ወዳጆቼ ይህን መንገድ እንደ ሽሽት ያዩታል። ሃልደማን በስሙ የጻፈው ቬትናምና በከዋክብት የሸፈነው ቬትናም የትኛው ይበልጥ እንደተነበበ ቢያስታውሱ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ሰሞን አራት ዓመት ከቤቱ ርቆ ከተመለሰ የጎረቤቴ ልጅ ጋር በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ስንሻገር ይህንኑ ታሪክ አወራሁለት። እርሱ ሲሄድ ድልድዩ ገና በግንባታ ላይ ነበር። መሐል ላይ ቆሞ ወደ ጣና እያየ እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ለመሆኑ የዚያን ሁሉ ዘመን ደመወዙን ከፈሉት?»

«ከነወለዱ» አልኩት። በእርግጥም መጽሐፉ ውስጥ ተጠራቅሞ ይከፈለዋል።

ከተመለሰ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።