ማስተካከያ፦ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?

ባለፈው ጽሑፌ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ዲሲ 7,200 ኪሎ ሜትር ነው፣ በረራውም ሲኬድም ሲመጣም 13 ሰዓት ይፈጃል ብዬ ነበር። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

7,200 ገደማ የሚሆነው በማይል ነው። በኪሎ ሜትር ከ11,500 ይበልጣል።

13 ሰዓቱም ለመመለሻው ነው የሚሠራው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ ይበረራል፤ ንፋሱም ከኋላ ይገፋል። ሲኬድ ግን ሌላ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለሙሉው መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። ጉዞው 16፣ 17 ሰዓት ይደርሳል።

እናት አባታችሁን የምትልኩ፣ መድኃኒታቸውን በእጅ ሻንጣ ስታዘጋጁ በዚህ ልክ አስቡት።