ማስተካከያ፦ የቀድሞ ተከራይ የመብራትና የውሃ ዕዳ

ድሬዳዋ ቤት ለምትከራዩ ባለፈው ስጽፍ «የቀድሞው ተከራይ የመብራትና የውሃ ዕዳ አይመለከታችሁም፤ ዝም ብላችሁ ግቡ» ብዬ ነበር። ምክሩ ጎዶሎ ነው። አምኖኝ የገባ ሰው ካለ ከልቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ዕዳው የእናንተ አይደለም፤ ይሄ ልክ ነው። ግን ቆጣሪው አብዛኛውን ጊዜ በአከራዩ ስም ነው። ሂሳብ ሲከማች የሚቆረጠው መስመሩ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ አይታይም። በዚህ ሙቀት ቬንቲሌተሩ ቆሞ፣ የልጅ ወተት ፍሪጅ ውስጥ እየተበላሸ፣ «የተጠቀምኩት እኔ አይደለሁም» ማለት መብራቱን አይመልስም።

ስለዚህ ሳቢያንም ሆነ ከዚራ፣ ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት ከአከራዩ ጋር ቆጣሪው ሥር ቁሙ። ቁጥሩን ፎቶ አንሱ፤ የውሃውንም። የመጨረሻውን ወር ደረሰኝ ጠይቁ። ንባቡንና ቀኑን ውሉ ላይ አስጽፉ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅም ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል።

ደላላው «ሁሉም ተከፍሏል» ቢላችሁ ደረሰኙን ካላያችሁ እሺ አትበሉ። መስመሩ እንዳይቆረጥ ብላችሁ እናንተ የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ፣ ከኪራዩ እንደሚቀነስ መጀመሪያ አከራዩን አስፈርሙ።