ጥይት ስትገዙ ከግድግዳው ማዶ ያለውንም አስቡ

አሜሪካ ውስጥ ሌሊት ከሚሠሩት መካከል ብዙ የእኛ ሰዎች አሉ። ነዳጅ ማደያ፣ መጠጥ ቤት፣ የሰፈር ሱቅ። ዳላስ ሂዱ፣ አትላንታ ሂዱ፣ ሜሪላንድ ሂዱ፣ ከካሽ ማሽኑ ጀርባ ሐበሻ አይጠፋም። ከእነሱ መካከል አንዳንዶቹ ሕጉን ተከትለው ሽጉጥ ይይዛሉ። መያዝ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ለዛሬ ልተወው። እኔ የማነሳው ሰው ሽጉጡን ከገዛ በኋላ ያለውን ነው። ምን ዓይነት ጥይት ያጉርሰው?

ሽጉጥ ለመምረጥ ወር የሚፈጅ ሰው ጥይት ላይ ሲደርስ ርካሹን ካርቶን አንስቶ ይወጣል። "ጥይት ያው ጥይት ነው፣ ምን ልዩነት አለው?" ይላል። ልዩነቱ ግን የሰው ነፍስ ያህል ነው። ለራስ መከላከያ የሚያዝ ሽጉጥ ጫፉ ክፍት በሆነው፣ ሆሎው ፖይንት በሚባለው ጥይት መሞላት አለበት ባይ ነኝ። ድፍኑ ለልምምድ ይቅር።

ድፍኑ፣ ፉል ሜታል ጃኬት የሚሉት፣ እርሳሱ በመዳብ የተለበጠ ነው። ጫፉ ክብ ነው። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ቅርጹ እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በስቶ በሌላው በኩል ይወጣል። እዚያ በኩል ማን እንደቆመ ደግሞ ጥይቱ አያውቅም። ወተት ልትገዛ የገባች እናት ልትሆን ትችላለች። ክፍቱ ጥይት ጫፉ ላይ ጉድጓድ አለው። ሰውነት ሲነካ ጉድጓዱ በፈሳሽ ይሞላል፤ ግፊቱ ጠርዙን ወደ ውጭ ይገለብጠውና ጥይቱ እንደ አበባ ይከፈታል። ሲሰፋ ፍጥነቱ ይቀንሳል። አብዛኛውን ጊዜም እዚያው ገብቶ ይቀራል።

የኒውዮርክ ፖሊስ ይህን በደም ተምሮታል። መምሪያው ወደ ክፍቱ ጥይት ለመቀየር በ1998 ሲወስን የራሱን መረጃ አውጥቶ ነበር። በ1995 እና በ1996 ድፍን ጥይት የሚጠቀሙ ፖሊሶች 15 ምንም የማያውቁ መንገደኞችን መተዋል። 8ቱ በቀጥታ የተመቱ ናቸው። 5ቱን የመታው ግን መጀመሪያ ሌላ ሰው አልፎ የወጣ ጥይት ነው። 2ቱን የመታው ደግሞ ዕቃ በስቶ ያለፈ ነው። እነዚያን አምስት ሰዎች አስቧቸው። ተኳሹ ዒላማውን አልሳተም። ጥይቱ ግን አልቆመም።

"ሆሎው ፖይንት ጭካኔ ነው፤ በጦርነት እንኳ የተከለከለ ነው" የሚሉ ወገኖች አሉ። እውነት ነው፣ የ1899 የሔግ መግለጫ ሰውነት ውስጥ የሚሰፋ ጥይትን በጦር ሜዳ ይከለክላል። የክልከላው ምክንያትም የሰውን ስቃይ መቀነስ ነበር፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ሱቅ ጦር ሜዳ አይደለም። ሱቅ ውስጥ ወረፋ የያዘ ደንበኛ አለ፤ በር ላይ ልጅ የያዘ አባት አለ። በመላው አሜሪካ ፖሊሶች በአብዛኛው ክፍቱን የሚይዙት ለዚህ ነው። ሌሎች ደግሞ ፍርድ ቤት ያስከስሳል ብለው ይሰጋሉ። ዐቃቤ ሕግ ሊያነሳው ይችላል። "የከተማው ፖሊስ የሚይዘውን ዓይነት ነው የያዝኩት፤ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ" የሚል መልስ ያለው ሰው ግን አፍ አያጣም።

ክፍት የሆነ ሁሉ ደግሞ ጥሩ አይደለም። ሚያሚ ውስጥ ሚያዝያ 11 ቀን 1986 (በፈረንጆቹ) የኤፍቢአይ ሰዎች ከሁለት ባንክ ዘራፊዎች ጋር ተታኮሱ። ከዘራፊዎቹ አንዱ ገና ተኩሱ ብዙም ሳይቆይ ደረቱን በ9 ሚሊሜትር ክፍት ጥይት ተመታ። ጥይቱ ክንዱን አልፎ ሳንባው ውስጥ ገባ፤ ልቡ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ሰውየው መተኮሱን ቀጠለ። ሁለት የኤፍቢአይ ሰዎች ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ጥይትን የሰው ሥጋ በሚመስል ጄላቲን ላይ እየተኮሰ የሚፈትንበትን መለኪያ አወጣ። ጥሩ ጥይት ቢያንስ 12 ኢንች፣ ወደ 30 ሴንቲሜትር፣ መግባት አለበት፤ ከ18 ኢንች ግን ባያልፍ ይመረጣል። ወፍራም ልብስ ለብሶ የመጣን ሰው ለመምሰል ጄላቲኑ ጨርቅ ይደረብበታል። የጥይት ካርቶን ስታነሱ መጠየቅ ያለባችሁ ይህን ፈተና ማለፉን ነው። ስፒር ጎልድ ዶት፣ ፌደራል ኤችኤስቲ፣ ዊንቸስተር ሬንጀር የሚባሉት ፖሊሶች ለዓመታት የያዟቸው ናቸው። ስሙ ያልተሰማና ማስታወቂያው ብቻ የሚያስፈራ ጥይት ይቅርባችሁ።

"9 ይሻላል 45?" የሚለው የጥይት ውፍረት ክርክር ቡና ላይ ብዙ ሰዓት ይበላል። ኤፍቢአይ ራሱ ከሚያሚ በኋላ ወደ ትልልቁ ሄዶ፣ ከዓመታት በኋላ ወደ 9 ሚሊሜትር ተመልሷል። የዘመኑ ጥይት ተሻሽሏል፤ 9ኙ ደግሞ እጅ ብዙ አይመታም፣ የጥይት መያዣው ካርታም ብዙ ፍሬ ይይዛል። 380 የሚባለውን አነስተኛ ጥይት የምትተኩሰውን፣ ኪስ የምትገባዋን ትንሿን ሽጉጥ ለያዘ ሰው ግን ምርጫው ጠባብ ነው። ከእሷ የሚወጣ ጥይት በደንብ ከሰፋ ብዙ ጊዜ ጠልቆ አይገባም፤ ጠልቆ ከገባ ደግሞ አይሰፋም።

ግድግዳውን ሁሉም ይረሳዋል። የአሜሪካ ቤት የውስጥ ግድግዳ ስስ የጂብሰም ቦርድ ነው። ድፍኑም ክፍቱም ይበሱታል። እንዲያውም የክፍቱ ጉድጓድ በጂብሰም ዱቄት ሲደፈን ሳይሰፋ እንደ ድፍኑ ሊበር ይችላል። ስለዚህ አፓርታማ ውስጥ የሚኖር ሰው የልጆቹ አልጋ በየት በኩል እንደሆነ፣ የጎረቤት ሳሎን በየት በኩል እንደሚዋሰነው ገና ዛሬ፣ በሰላሙ ቀን፣ ያጥና። የትኛውም ካርቶን ይህን ሥራ አይሠራለትም።

ዋጋው ይወደዳል፣ አውቃለሁ። የልምምዱ ካርቶን 50 ፍሬ ሲይዝ የመከላከያው ብዙ ጊዜ 20 ብቻ ነው። ቢሆንም የገዛችሁትን የተወሰነ ያህል በራሳችሁ ሽጉጥ ሳትተኩሱ አትመኑት። ክብ ጫፍ የለመደ ሽጉጥ ክፍቱ ሲመጣበት ሊነክስ ይችላል። ይህን መለማመጃ ቦታ ላይ ማወቅ ይሻላል።

ሌላም አለ። ብዙ ሰው ማታ ቤት ሲገባ የጎረሰውን ጥይት ያወጣል፣ ጠዋት ያችኑ መልሶ ያጎርሳል። በተጎረሰች ቁጥር አፍንጫዋ ከብረት ጋር ይጋጫል። ቀስ በቀስ እርሳሱ ወደ ቀለሁ ውስጥ ይሰምጣል። ባሩዱ የሚነድበት ቦታ ሲጠብ ግፊቱ ከልክ ያልፋል፤ ሽጉጡን ሊያፈነዳ፣ እጅ ሊጎዳ ይችላል። ከካርቶኑ አዲስ አንድ ፍሬ አውጡና ጎን ለጎን አቁሟቸው። ስትጎረስ የቆየችው አጥራ ከታየች ለልምምድም አትተኩሷት።

ስለ ሕጉ ሳልናገር ባልፍ ግን ይቆጨኛል፤ ብዙ ሐበሻ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የተመዘገበ መሣሪያ የሌለው ሰው አንዲት ጥይት እንኳ መያዝ አይችልም። ቨርጂኒያ ሲለማመድ ውሎ መኪናው ውስጥ ጥይት እንደቀረ ድልድዩን ወደ ዲሲ የሚሻገር ሰው ይህን ይወቅ። ኒው ጀርሲ ደግሞ ሆሎው ፖይንትን ከቤት ውጭ ይዞ መንቀሳቀስን ስትገድብ የኖረች ግዛት ናት። የፌዴራሉ ሕግ ማን መያዝ አይችልም በሚለው ላይ ጥይትን ከሽጉጥ እኩል ነው የሚያየው። ወረቀት ለሌለው ሰው ሁለቱም ክልክል ናቸው፤ በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ ላለም፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ እንደዚያው። ግሪን ካርድ ያለው መያዝ ይችላል፤ በጦር መሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ግን ለመባረር ሊዳረግ ይችላል። ጫትም አለ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር በአሜሪካ ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተመዘገበ ነው፤ ሕገወጥ ዕፅ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ሽጉጥም ጥይትም እንዳይዝ ሕጉ ይከለክላል። ሽጉጥ ሲገዛ የሚሞላው ቅጽ ይህንኑ ይጠይቃል፤ ዋሽቶ መፈረም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ወደ መደብሩ ከመሄዱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃውን ይጠይቅ።